በዕጣ የወጣ ውጤት

ሄሊና መጽሐፎቿን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ካርቶን ውስጥ ስትከት ሳያት ሰው የሞተብኝ ያህል ደነገጥኩ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። የማልችለውን ነገር ለምን አጠናለሁ፣ እማዬ? ፀጉር ሥራ ልማር።»

«ማነው አትችይም ያለሽ?»

ከደብተሯ መሃል አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ማኅተም አለው። «የተፈታኟ የማሰብ ችሎታ ከእኩዮቿ አማካይ በታች ነው» ይላል። ለብቻዋ ጠርተው፣ አንብበው ነው የሰጧት።

ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። ከወር በፊት ወሎ ሰፈር ያለ አንድ የጥናትና ምርምር ማዕከል በክፍሉ ልጆች እጅ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቅ ቅጽ ልኮ ነበር። እኔ ነገር ሳይመጣ የምፈራ ሰው ነኝ። ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደም ይወስዳሉ? መርፌ አለ? መድኃኒት ያስውጣሉ? አንዱም የለም። «የመማር ተነሳሽነት ጥናት» ብቻ ነው የሚለው። ፈረምኩ። ያም ሆኖ በዕለቱ ጠዋት ጠበል አስጠጥቼ፣ «የሚሰጡሽን ነገር እንዳትቀምሺ» ብዬ አስጠንቅቄ ነው የላክኋት። ልጄ ታዛዥ ናት፤ አርባ ጥያቄ ተፈትና፣ ጁሳቸውን ሳትነካ ተመለሰች። እኔ አፏን ስጠብቅ እነሱ በጆሮዋ ገቡ።

በማግስቱ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከጅሬኛ ጋር ተገናኘን። ወሎ ሰፈር ጋራዥ አለው፤ ልጁ ሂካ ከሄሊና ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው።

«የሂካን ጉድ አልሰማሽም?» አለኝ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። «ከሁሉም የላቀ ችሎታ አለው ብለው ማኅተም መቱለት! ጾሙ ሳይገባ ልድረስ ብዬ በግ አረድኩ።»

ሂካ ደግ ልጅ ነው። የሒሳብ የቤት ሥራውን ግን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የሚገለብጠው ከእኔ ልጅ ደብተር ነው።

«አሁን እያጠና ነው?» አልኩት።

ፈገግታው ቀዘቀዘ። «ምን ያጠናል! ‹እንደኔ ላለ ጭንቅላት ጥናት ምን ያደርጋል› እያለ ኳስ ሲያይ ይውላል።»

የሄሊናን ወረቀት አሳየሁት። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየ።

«የገለበጠው ጎበዝ፣ ያስገለበጠችው ሰነፍ?» አለ። «ይሄ ሞተር የሆነ ነገሩ ተፈቷል። ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

ከቤት ስወጣ ፌስታሌን ይዤ ነበር። የሄሊና የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀቷ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ የውጤት ካርዶቿ፣ እንዲሁም እኔ በሕይወቴ የፈረምኩት ነገር ሁሉ ፎቶ ኮፒው እዚያ ውስጥ አለ። እሳት ቢነሳ ይዤው የምሮጠው ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የሺ፣ ለመጨረሻው ፍርድ ነው የምትሰበስቢው?» ይለኝ ነበር።

ማዕከሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ኃይለኪሮስ ትሑት ሰው ነው። ወንበር ሳበልን፣ የታሸገ ውሃ አቀረበልን። አልከፈትኩትም።

«የልጄን የመልስ ወረቀት እንዲያሳዩኝ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ወይዘሮ የሺመቤት፣ ጥናቱ ሳያልቅ አይቻልም። ሁለተኛው ዙር ከፈተናው በኋላ ነው። ያኔ ሁሉንም እንገልጻለን።»

«የሚገለጸው ምንድን ነው?»

ከፌስታሌ የቅጹን ኮፒ አወጣሁና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩለት። «‹ተሳታፊው ወይም ወላጁ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላል፤ ለሚያነሳው ጥያቄም የተሟላ ማብራሪያ ይሰጠዋል።› ከሥር ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ልጄ ከዛሬ ጀምሮ አቋርጣለች። ያብራሩልኝ።»

መነጽሩን አወለቀ።

«የሰጠናቸው ውጤት እውነተኛ አይደለም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው። ግማሾቹን ችሎታችሁ ከፍተኛ ነው፣ ግማሾቹን ዝቅተኛ ነው አልናቸው። የተነገራቸው ነገር ጥረታቸውን እንዴት እንደሚለውጠው ለማየት ነው። ቀድመው ካወቁ ጥናቱ ትርጉም የለውም።»

አንቱታው ያኔ ከአፌ ጠፋ።

«ልጄን በዕጣ ደደብ አልካት?»

«ጊዜያዊ ነው፤ በኋላ እኮ…»

«ማትሪኩስ ጊዜያዊ ነው?»

«በጌስ?» አለ ጅሬኛ። «በጌ በዕጣ ነው የታረደው?»

ዶክተሩ እጆቹን ዘረጋ። «ይረዱኝ። ይህ ጥናት ነገ ሺህ ልጆችን ይጠቅማል።»

«ይጠቅም ይሆናል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ የአንተን ያህል አላውቅም። ግን ለምን በፈተና ሰሞን? በክረምት አትሠሩትም ነበር?»

«በክረምት ውጤቱ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም» አለ። ካለ በኋላ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ፊቱ ቀላ።

«ደውልላት» አልኩት። «ለእኔ ያልከውን ለራሷ ንገራት።»

በላውድ ስፒከር ደወለ። ሄሊና እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠው አዳመጠች።

«ስለዚህ ያኔ ዋሽታችሁኛል» አለች።

«አዎ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አሁን እውነት እየነገራችሁኝ መሆኑን በምን ልወቅ? እማዬ መጥታ አልቅሳባችሁ፣ አሳዝናችሁ ቢሆንስ?»

ዘጋችው። በጥናቱ ዕቅድ ላይ ይህ ያልተጻፈ መሰለኝ።

«እንግዲህ ወረቀቱን ስጠኝ። ጥያቄዎቹን፣ የእሷን መልስ፣ ትክክለኛውንም መልስ። ራሷ ታርመዋለች።»

«ፈተናው ሚስጥር ነው። ሌላ ቦታም እንጠቀምበታለን።»

ፌስታሌን ጭኔ ላይ አድርጌ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ጅሬኛ የወንበሩን እግር ነቅነቅ አደረገና «ጠንካራ ነው፤ እስከ ማታ ይይዘናል» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ የክፍሉን ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። ስድሳ አንድ ወላጅ አለበት።

«ምን እየጻፉ ነው?» አለ ዶክተሩ።

«ያልከኝን። ፊደል ከሳትኩ አርመኝ።»

ተነስቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። እውነተኛውም ዝቅተኛ ቢሆንስ? በእጄ ይዤላት የምገባው መርዶ ቢሆንስ? ለጅሬኛ በሹክሹክታ ነገርኩት።

«እኔም የሂካን እየፈራሁ ነው» አለኝ። «ቢሆንም የራሱ ይሁን። የተሰበረውን ካላየሁ ምኑን እጠግናለሁ?»

ዶክተሩ ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ይዞ ተመለሰ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዶ ለልጆቹ ሁሉ እውነቱን እንደሚናገር ቃል ገባ። አስጻፍኩት፣ አስፈረምኩት፣ ኮፒውን ፌስታሌ ውስጥ ከተትኩ። እስከ ሰኞ ግን ገና ሦስት ቀን አለ። ሦስት ቀን ሌላው ልጅ ካርቶን ሲሞላ ይዋል? ሰፈሬ ላምበረት ከመድረሴ በፊት፣ ታክሲው ውስጥ እንዳለሁ፣ የጻፍኩትን ለስድሳ አንዱም ላክሁት።

ሄሊና ፖስታውን ተቀብላ እሽጉን አገላብጣ አየችው።

«አላየሽውም?»

«የአንቺ ነው።»

ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ማየት አቅቶኝ ግቢ ወጣሁና የደረቀውን ልብስ አወርድ ጀመር። በልቤ ከአርባው አሥር ሰጠኋት። ቀጥሎ ስምንት። ሁሉንም ልብስ አውርጄ፣ አጣጥፌ፣ እንደገና ዘርግቼ አጣጠፍኩት።

«እማዬ!»

እየሮጠች ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ያለቀሰች መሰለኝ።

«ሠላሳ አንድ» አለች።

ልብሱን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው።

«ይሄን እዪ፤ አሥራ ሰባተኛው። የእኔ መልስ ነው ልክ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ የተሳሳቱት እነሱ ናቸው! ሠላሳ ሁለት ነው መሆን ያለበት። የሰውዬውን ስልክ ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ስልኩ ሲጠራ በትከሻዋ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰችና፣ በሁለት እጇ ካርቶኑን ወደ ጠረጴዛው መጎተት ጀመረች።