ግማሽ ድምፅ የማያውቅ መዶሻ

ከሰል ገዝታ ስትመለስ የአባቷን ወርክሾፕ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። ጆንያውን ከትከሻዋ ሳታወርድ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። መዶሻዎቹ የሉም። ግድግዳው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው ይንጠለጠሉ የነበሩት ጉጠቶች የሉም። ሞርሳው ከጠረጴዛው ተነቅሎ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። አባቷ አርባ ዓመት ብረት የቀጠቀጠበት መስፍ ደግሞ ከነጉቶው ተነስቶ፣ መሬቱ ላይ ነጣ ያለ ክብ ምልክት ትቶ ሄዷል።

ታላቅ ወንድሟ ጥግ ላይ ቆሞ የሸሚዙን እጅጌ ያራግፋል። ቢሮ ነው የሚሠራው፤ እሱና አቧራ ከልጅነቱ ጀምሮ አይዋደዱም።

«ሸጥኩት» አላት፣ ምሥራች እንደሚነግር ሰው። «ባንድ ጊዜ፣ ባንድ መኪና። እፎይ አልን።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«አባባ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው እኮ። ማን ይሠራበታል ብለሽ ነው?»

«እኔ።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይሄው ነው። ሕፃን ልጅ «ሳድግ አንበሳ እሆናለሁ» ሲል የሚሳቀው ዓይነት ሳቅ ነበር። «እህቴ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው፤ ያውም የጎበዝ ወንድ። ክፍሉን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ይገባል። ግማሹ ያንቺ ነው፣ እኔ የሰው ሐቅ አልበላም።»

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ይባላል። ወንድሟ ግን ሌላ ዘራፊ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀም። እሷ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ኖራለች። መጀመሪያ ወናፍ ነፋች፤ ቀጥሎ ጉጠት ያዘች። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት ደግሞ እሷ ስትመታ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ «በለው! አሁን ተወው!» ይል ነበር። ደንበኛው ሥራውን ተቀብሎ «እጅህ ይባረክ» የሚለው ግን አባትየውን ነው። ሁለቱም አያርሙትም፤ ደንበኛው ሲወጣ አባትየው «ሰምተሻል፣ እጅሽ ይባረክ ብለውሻል» ይላታል።

«ወንድም ጋሼ» አለችው ጆንያውን ዱብ አድርጋ፣ «በወሩ መጨረሻ እዚህ ክፍል ውስጥ እሳት ይነዳል። ተከራይህ ሙቀት የማይጠላ ከሆነ ይምጣ።»

ዕቃውን የገዛው ሰው ኪሎ ይባላል። ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ሁሉን ነገር በሚዛን ስለሚያይ ነው እንዲህ የተባለው፤ «ጎረቤትህ ወንድ ልጅ ተገላገለች» ቢሉት «ስንት ኪሎ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት የውዳቂ ብረት ግቢው ስትደርስ፣ መስፉን በሩ አጠገብ፣ ማንም ሳያየው በማያልፍበት ቦታ አስቀምጦት አገኘችው።

«እንደምትመጪ አውቄ ነበር። ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያቆየሁት፣ የኔ እናት» አላትና ዋጋውን ነገራት። ሦስት መስፍ ይገዛል።

«አንተ የምትሸጠው በኪሎ አይደል እንዴ?»

«ብረቱን በኪሎ ነው። ትዝታውን ግን በግምት ነው።»

መስፉን አየችው። ጥጉ ላይ ያለው ስባሪ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በአውራ ጣቷ የዳሰሰችው፣ እዚያው አለ። እጇን ልትዘረጋለት አማራት። ግን ሰውየው የሚጠብቀው ይሄንኑ መሆኑን ከፈገግታው ተረዳች።

«ትዝታው እኔ ጋ ነው፤ ወንድሜ አልሸጠልህም» አለችው። «ብረቱን ለፈለግከው ሽጠው።»

ከዚያ ወደ ጓሮው ክምር አለፈች። የአልጋ ፍሬም፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆድ፣ የተጣመመ ቧንቧ፣ ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት ተደባልቆ ተቆልሏል። አባቷ እንዳስተማራት ቁራጩን በሽቦ አንጠልጥላ በብሎን ትመታና ጆሮዋን ታስጠጋለች። ጥሩ ብረት ረጅም ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም ለስላሳ የሆነ ብረት ግን «ዶግ» ብሎ ዝም ይላል።

«ምን አለሽ? ደህና ነው?» አላት አንዱ ጫኝ፣ ጓደኞቹን እየጠቀሰ።

«አንተን እያማልኝ ነው። ቀልድ እንጂ ሥራ አይወድም አለኝ።»

ጫኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ኪሎ ግን አልሳቀም። ሁለት ጥሩ የመኪና ባሌስትራ መርጣ ወደ ሚዛኑ ስትወስድ መጥቶ «የተያዘ ነው» አለ። አጭር የሐዲድ ቁራጭ አገኘች። «እሱም ተይዟል።» እጇ የነካው ነገር ሁሉ ባለቤት አበቀለ። ገባት፤ ሌላ መግቢያ አሳጥቷት ወደ መስፉ ሊመልሳት ነው።

«ይሄ የምተነፍሰው አየርስ?» አለችው። «ተይዟል ወይስ ይዤው ልውጣ?» ባዶ እጇን ወጣች።

ከከተማው ማዶ አንድ መኪና አራጅ ሽማግሌ አሉ። ተገጭተውና አርጅተው የቀሩ መኪናዎች እሳቸው ግቢ ገብተው ይበለታሉ። ኪሳቸው ብሎን ተለይቶት ስለማያውቅና ሲራመዱ ስለሚንሿሹ ጋሽ ብሎን ይሏቸዋል። የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አባትሽ አንድ ጊዜ ሥራዬን ሰድቦብኛል» አሉ። «ልክ ነበር። ነገሩን ስንጨርስ ግን አብረን ሳቅን።» ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለ። «ልጄ፣ ቁርጡን ማወቁ ይሻልሻል። ዛሬ በዚያ ሳልፍ መስፉን የሌላ አገር ሰው ሲጭን አይቻለሁ። ሄዷል።»

አጠገቧ ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ለአባቷ ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች። ጋሽ ብሎን ዞር ብለው፣ ሥራ እንደያዘ ሰው፣ ከኪሳቸው ያወጡትን ብሎን በየመጠኑ መለየት ጀመሩ። ሲበቃት አፍንጫዋን በሻሽዋ ጠርጋ ተነሳች።

«ያ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የከባድ መኪና የኋላ ዘንግ ነው። ስንት ቶን እየገፋ የኖረ።»

ዘንጉ ቁመቱ እስከ ወገቧ ነው፤ አንዱ ጫፉ እንደ ሳህን ሰፍቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። መታችው። ድምፁ ግቢውን ዞሮ መጣ።

«ይሄን ትልቅ ጉቶ በስቼ ብተክለው፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ…»

«መስፍ ይሆናል ልትዪ ነው? እኔ መኪና ሳርድ ስኖር እንደዚያ ሲሆን አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። አብረን እናየዋለን።»

ሽማግሌው ሳቁ። ገንዘብ አልጠየቁም፤ የደነዘዙ ዲጂኖዎቻቸውን ሁሉ ልትስልላቸው ተስማሙ። እሷም መረጠች፦ ዘንጉን፣ ለምድጃ የሚሆን የጭነት መኪና ቸርኬ፣ የመኪና ማሞቂያ ማራገቢያ ከደከመ ባትሪ ጋር፣ ሦስት የተሰበረ ባሌስትራ። በር ማስደገፊያ ሆኖ የኖረ እጀታ የሌለው መዶሻም ከመሬት ነቅላ ወሰደች። በእጅ ጋሪ ሦስት ጊዜ አመላለሰችው። አጭር መንገድ ነበረ፤ እሷ ግን ሆን ብላ ሦስቱንም ጊዜ በወንድሟ ቢሮ በር ላይ አለፈች፤ ጋሪው ደግሞ ዘይት ያልነካው ስለነበር እየጮኸ ነው የሚሄደው።

ከእንጨት ቤት ያመጣችውን ጉቶ በስታ ዘንጉን ተከለችበት። ቸርኬውን በጭቃና በአመድ ለስና ምድጃ አደረገችው። ማራገቢያው በቧንቧ ከሥሩ ይነፋል። መዶሻው ከአልጋ እግር እጀታ ወጣለት። የቸገራት ጉጠት ነው። ጉጠት ለመሥራት ጉጠት ያስፈልጋል፤ እሷ ያላት ደግሞ አንዲት አጭር ፒንሳ ናት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብላ ደጅ ወድቆ ያገኘችውን የፌሮ ብረት አግላ በዚያችው ፒንሳ ይዛ መታች። እሳቱ ጣቷን ላሳት። የመጀመሪያው ጉጠት አፉ አልገጠመም፤ ሁለተኛው ተሰበረ። ሦስተኛው እንደ ውሻ ጥርስ ግጥም አለ። በተጠቀለለ እጇ ይዛው ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወንድሟ ተከራዩን ይዞ መጣ። ሰውየው ፍሪጅ ነጋዴ ነው፤ ክፍሉን መጋዘን ሊያደርገው አስቧል። እሷ ባሌስትራ አግላ ዘንጉ ላይ እያስተኛች ነበር።

«ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ከየት መጣ?» አለ ወንድሟ።

«ከየቆሻሻው።»

«ሰው ፊት አታሳፍሪኝ። ክፍሉን እኮ…»

«ግማሹ የኔ ነው ብለሃል። ግማሽህን አከራይ፣ እኔ አልከለክልም። መዶሻዬ ግን ግማሽ ድምፅ አያውቅም።» ብላ መታች። ፍንጣሪው እስከ በሩ ተበተነ። ሁለተኛ መታች፤ ነጋዴው ጆሮውን ይዞ ወደ ደጅ ዘለለ።

«ወንድሜ፣ እኔ የምሸጠው ፍሪጅ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «እዚህ በረዶው ይቅርና እኔም ልቀልጥ ነው።» ሄደ።

ወንድሟ ፊቱ ቀላ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። እስከዚያ አንድ ደንበኛ ካላየሁ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ። ብረት መምታትማ እብድም ይመታል።»

ይቺኛዋ ቃል ወጋቻት፤ እውነት ስላለባት። ስለዚህ ቸኮለች። ከባሌስትራው ሦስት የድንጋይ መሮ ሠርታ፣ ውሃ ውስጥ ነክራ አጠንክራ፣ አዲስ ሕንፃ ወደሚሠራበት ቦታ ሄደች። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ድሮ የአባቷ ደንበኞች ነበሩ፤ አሁን ከሱቅ ነው የሚገዙት። አለቃቸው ዝምተኛ፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ የጠጣ ሰው ነው። አንዱን መሮ ተቀብሎ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና መታው። መሮው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ።

ጠራቢዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ «መስታወት ቤት መስሏት ነው» አለ። ፊቷ ጋለ። ግን አልሮጠችም፤ ጎንበስ ብላ ስባሪዎቹን አንድ በአንድ ለቀመችና የተሰበረበትን ገጽ ፀሐይ ላይ አየችው። እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኗል። ይሄ ብረት ውሃ አይወድም፤ ዘይት ነው የሚፈልገው፤ ከዚያም ቀስ ብሎ መለስለስ አለበት። ታውቀው ነበር። ወንድሟን ልታሳየው ስትሮጥ የምታውቀውን ረሳች።

«ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፣ የኔ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ከነገ ወዲያ እመጣለሁ። ይሄንኑ ድንጋይ አስቀምጡልኝ።»

አለቃው ድንጋዩን በእግሩ ወደ ጎን ገፋ። አስቀመጠላት።

ከጋሽ ብሎን አንድ ጣሳ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አመጣች። አሁን አልቸኮለችም። ከቀሩት መሮዎች አንዱን አግላ ዘይቱ ውስጥ ነከረችው፤ ጫፉን በሞረድ አብርታ ከወደ ጀርባው በቀስታ አሞቀችው። ቀለሙ መጣ፤ መጀመሪያ ገለባ መሰለ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ሐምራዊው ጫፉ ጋ ሊደርስ ሲል መልሳ ነከረችው። ከመምታት ይልቅ መጠበቅ የበለጠ ጉልበት እንደሚጨርስ ያን ቀን አወቀች።

በቀጠሮዋ ሄደች። አለቃው መታ። ድንጋዩ ጠርዙ ተገመሰ። ደጋግሞ መታ፤ ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ። መሮውን አንስቶ ጫፉን በጥፍሩ ዳሰሰው፣ ከዚያ ወደ ጠራቢዎቹ ዞሮ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ፦ «መሯችሁን አምጡ።»

በወሩ የመጨረሻ ቀን ወንድሟ አዲስ ትልቅ ቁልፍ ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። የወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ግን ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ነጭ አቧራ ለብሰዋል፤ ሁሉም የደነዘዘ መሮ ታቅፈዋል። ወደ በሩ ሊያልፍ ሲል መጨረሻ ላይ የቆመው ጠራቢ ትከሻውን ያዘው።

«ቁልፍህ ተበላሽቶ ነው? ተራ ያዝ።»

«እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ!»

«ባለቤትም ቢሆን ተራ ነው። እኔስ እግሬ እስኪደነዝዝ የቆምኩት ለጌጥ ነው?»

ወንድሟ ሊመለስ ይችል ነበር። ምን እንዳስቆመው እሱም አያውቅ፣ ቆመ። ከውስጥ መዶሻው ይሰማል፤ ረጅም፣ የማይቸኩል ምት። ሰልፉ እየተሳበ እየተሳበ ደረሰው።

ቀና አለች። ፊቷ ጥላሸት ነው፣ ሁለት ጣቷ ተጠቅልሏል። «ምን ልሥራልህ?»

«አባባ ይሄን ቢያይ…»

«አባባ አሥራ ስድስት ዓመት አይቶታል። አንተ ምን አየህ? እሱን ንገረኝ።»

ጉቶው ላይ የተተከለውን ዘንግ አየ፤ የሚያፏጨውን ማራገቢያ፣ ተስሎ የተደረደረውን መሮ አየ። ይቅርታ ማለት በቤታቸው ማንም ያልለመደው ነገር ነው።

«ቢሮአችን…» አለ በመጨረሻ። «የውጭው በር ማጠፊያው ወልቋል። የሚሠራ ሰው እየፈለጉ ነው። እህቴ ትሠራለች ብዬ… ልንገራቸው?»

መዶሻዋን ዘንጉ ላይ አስቀመጠች።

«ንገራቸው። ነገ ይዘኸው ና፤ ዛሬ የጠራቢዎቹ ቀን ነው። ለወንድሜ ብዬ ዋጋ አልቀንስም።»

«እኔም አልጠየቅኩሽ» አለ፣ ካርቶኑን ብብቱ ውስጥ እየሸጎጠ።

«አንቱ የቢሮ ሰው!» ብሎ ጮኸ ከኋላው አዲስ የመጣ ጠራቢ። «ወሬውን ቤታችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ ድንጋዩ እየጠበቀን ነው!»

ወንድሟ ዘወር አለለት። እሷም የጠራቢውን መሮ በጉጠቷ ያዘችና ፍሙ ውስጥ ከተተችው።