የባቡሩ ፊልም መጨረሻ

መልከጼዴቅን አንቱ አልለውም። ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ ጸጉሩ ጥጥ ሆኗል፣ የሰበታ ሰው ሁሉ «አባባ መልኬ» እያለ ከመቀመጫው ይነሳለታል። እኔ አልነሳም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጆሮዬን ይዞ ከሲኒማ ቤቱ ጎትቶ ያስወጣኝ እሱ ነው፤ ያውም ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው።

ጥፋቴ ማውራት ነው። አልክድም፣ አወራ ነበር። ግን የማወራው ለጋሼ ተክሉ ነው። ጋሼ ተክሉ ጎረቤታችን ናቸው። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነበሩ፣ እሳቸውም አያዩም። ሲኒማ ግን ነፍሳቸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እጃቸውን ይዤ እወስዳቸውና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የማየውን በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። «አሁን በሩን ከፈተ። አሁን ሴትዮዋ ዞር አለች።» ነገሩ ሲጦፍ አማርኛው ይጠፋኝና በኦሮምኛ «ኢላሊ! ኢላሊ!» እላለሁ።

«እኔን እይ ትያለሽ? አንቺው እይልኝ እንጂ!» ብለው ይስቃሉ።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ፊልም መንገር ግን ማንም ሳያስተምረኝ ቻልኩበት።

የመጨረሻው ቀን የታየው የህንድ ፊልም ነበር። ስሙን አላውቀውም፣ እኛ «የባቡሩ ፊልም» ነበር የምንለው። አንዲት እናት ልጇ በሕፃንነቱ ባቡር ውስጥ ይጠፋባታል። በየቀኑ ጣቢያው እየሄደች ትጠብቀዋለች። ልጁ ለካ አድጎ እዚያው ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሆኗል፤ በየቀኑ ትኬቷን ይቆርጥላታል፣ ግን አይተዋወቁም። እጇ ላይ የብርጭቆ አምባር አላት፣ ስትራመድ ቅጭል ቅጭል ይላል። የሱ ጫማ ደግሞ ተረከዙ ብረት ነው፣ ቋ ቋ ይላል። ጋሼ ተክሉ እኔ ሳልነግራቸው «አሁን እሷ መጣች፣ አሁን እሱ መጣ» ይሉ ነበር።

መጨረሻው ላይ እናትየዋ ተስፋ ቆርጣ አገሩን ልትለቅ ባቡር ልትሳፈር ስትል ልጁ ትኬቷን ተቀበላት። ቀና ብላ አየችው። እጇን ወደ ፊቱ አነሳች።

«ልታውቀው ነው! ጋሼ፣ ልታውቀው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ፊት ለፊታችን የተቀመጠ አንድ ባለሥልጣን ዞሮ አፈጠጠ። ወዲያው የመልከጼዴቅ ባትሪ ፊቴ ላይ በራ። የበሩ ዘበኛም ሥርዓት አስከባሪውም እሱ ነበር።

«አፈኛ! ውጪ!»

ጆሮዬን ይዞ ሲጎትተኝ እኔ እጮሃለሁ፣ አዳራሹ ሙሉ ይስቃል። በዚያ ጫጫታ መሀል ፊልሙ አለቀ። እኔ መጨረሻውን አላየሁም፣ ጋሼ ተክሉ አልሰሙም። የሚጠይቁትም አላጡም፣ ግን አንዱ «አወቀችው» ይላል፣ ሌላው «ሳታውቀው ሄደች» ይላል፣ ሁሉም እየሳቀ ስለነበር በደንብ ያየ አልተገኘም።

በሳምንቱ መንግሥት ተለወጠና ሲኒማ ቤቱ ተዘጋ። መጀመሪያ የጤፍ መጋዘን ሆነ። ቀጥሎ ስሚንቶ ገባበት። ኋላ አልጋና ቁም ሳጥን መሸጫ አደረጉት። እኔ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ከበሩ ፊት ለፊት የሽንኩርት ጉሊት ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሼ ተክሉ በዚያ ባለፉ ቁጥር ሰላምታቸው አንድ ነው።

«ጠጅቱ፣ አወቀችው ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። ያንን ሰውዬ ይጠይቁት።»

አምና ቤቱን እንደ ጥንቱ ሲኒማ ሊያደርጉት ማፍረስና መጠገን ጀመሩ። ሥራውን የምትመራው ሮዳስ የምትባል ኢንጂነር ናት፣ ጂንስ ለብሳ መሰላል ላይ ስትወጣ የምትውል ልጅ። ሸራው የት እንደነበር፣ ወንበሩ ወዴት እንደዞረ የሚያሳያት ፈለገች። ሰው ሁሉ ወደ መልከጼዴቅ ላካት። እሱም ከዘራውን እያወዛወዘ «እዚህ ቤት በኔ ጊዜ ትንፍሽ የሚል አልነበረም» ሲላት ከጉሊቴ ሆኜ ሰማሁት።

«ውሸት!» አልኩ። «እኔ ነበርኩ!»

ሮዳስ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ባትፈልግም ትመጣለች። አንድ ቀን አቧራ በአቧራ ሆና የዛገ ቆርቆሮ ታቅፋ መጣች። የፊልም ማሽኑ ከነበረበት ክፍል፣ ከወለሉ ሥር ነው የተገኘው። ከውስጡ ካለው ፊልም ጫፉን ስባ ወደ ፀሐይ ያዘችልኝ። ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው። ባቡር። ጣቢያ። ባለ አምባር እጅ።

ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማዘር፣ ምን ሆንሽ?»

«ይኼ የኛ ነው» አልኳት። «የኔና የጋሼ ተክሉ ነው።»

የመጨረሻው ጥቅል ብቻ ነው የተረፈው። አዲስ አበባ ወስዳ በኮምፒዩተር አስገለበጠችው፤ ጊዜ ስላጠረ ግን እስከ መጨረሻው ያየው አልነበረም። ለምረቃው ቀን እሱ እንዲታይ ተወሰነ። ለጋሼ ተክሉ ነገርኳቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«አንዱ ጆሮዬ ሄዷል፣ ጠጅቱ» አሉ። «ሁለተኛው ሳይከተለው ድረሺልኝ።»

ሮዳስ ጋ ሄጄ እንደማወራ ነገርኳት።

«ማዘር፣ ፊልም እየታየ ማውራት አይቻልም። ወደፊት ለማያዩ ሰዎች የጆሮ ማዳመጫ እናስገባለን።»

«ወደፊት የሚለውን ለጋሼ ተክሉ ጆሮ ንገሪው።»

ምረቃው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ነበር። በሩ ላይ ማንን ቢያቆሙ ጥሩ ነው? መልከጼዴቅን! ለትዝታ ብለው አዲስ ኮት አልብሰው፣ አዲስ ባትሪ አስይዘውታል።

«አካም ጅርታ፣ ጠጅቱ?» አለኝ። «ዛሬም ታወሪያለሽ?»

«አወራለሁ። ዛሬ ጆሮዬ ላይ ጉትቻ አለ፣ እንዳትነካው።»

ከኋላዬ የነበሩት ሴቶች አንተ ማለቴን ሲሰሙ «ኧረ ነውር ነው!» አሉ። ጋሼ ተክሉን ይዤ ገባሁ።

መብራቱ ጠፋ። ባቡሩ ታየ። እኔም ጀመርኩ። «ጣቢያው ነው፣ ጋሼ። ሻንጣዋን ይዛለች። አርጅታለች። ትኬቷን ሰጠችው።» አንዳንዱ «እሽሽ» ይላል፣ አልሰማም። «ቀና አለች። እጇን አነሳች...»

ሸራው ነጭ ሆነ።

ለካ ከውስጥ የተጠቀለለው የፊልሙ መጨረሻ እርጥበት ጠጥቶ ሥዕሉ ተበልቷል። አዳራሹ በፉጨት ተሞላ። «አስተካክሉት!» ይላል አንዱ፣ ሌላው ወንበር ይደበድባል። እኔ ለጋሼ ተክሉ ያላየሁትን ነግሬያቸው አላውቅም።

«ነጭ ነው፣ ጋሼ። ምንም አይታየኝም።»

ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «ድምፁ አለ! ጠጅቱ፣ ድምፁ አለ፣ አላሰማ አሉኝ!»

ወንበሬ ላይ ቆምኩ።

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ጨሊሳ! ሁላችሁም ዝም!»

ባትሪው ፊቴ ላይ በራ። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት እንደበራው። አልወረድኩም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ለካ ድምፁ የተቀረጸበት የፊልሙ ጠርዝ ተርፏል፣ ይሰማል።

ጋሼ ተክሉ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ሸራው አዙረው ቀስ ብለው ይነግሩኛል፤ እኔ ጮክ ብዬ ለአዳራሹ እናገራለሁ።

«አምባሩ ቆመ።»

«አምባሯ ቆመ!»

«ባቡሩ ሄደ። እሷ አልተሳፈረችም፣ አምባሩ እዚሁ ነው።»

«አልተሳፈረችም! እዚሁ ናት!»

የብረት ተረከዙ ቋ አለ። አንድ እርምጃ። ቋ። ደግሞ ጸጥ። ከዚያ አምባሩ ጀመረ፣ ጫማውም ጀመረ። ጋሼ ተክሉ ክንዴን ለቀው ፊታቸውን ያዙ።

«አንድ ላይ ነው» አሉ። «በአንድ እርምጃ። ጠጅቱ፣ ይዟት እየሄደ ነው።»

«አወቀችው!» ብዬ ጮህኩ። «ይዟት ወደ ቤት እየሄደ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የባትሪው ብርሃን ግን ከላዬ አልተነሳም። ዞር ብዬ አየሁ። በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ባትሪ የያዘው ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ በሌላው እጁ ደግፎ አሁንም ያበራልኛል።

«ጨርሺላቸው» አለኝ።

«ጨርሻለሁ» አልኩ ከወንበሩ እየወረድኩ። ሄጄ ባትሪውን ከእጃቸው ተቀበልኩ። «አባባ መልኬ፣ ክንድዎ ደክሟል። ይምጡ፣ ከኛ ጋር ይቀመጡ» አልኳቸው።