በአግራፍ የተያዘው ገጽ

ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ የሚሰማኝ የሣጥኑ ጎማ ነው። በኮሪደሩ እየተንጫጫ ሲመጣ ልጆቹ እርሳሳቸውን ያስቀምጣሉ፣ እኔም ጠመኔዬን። ሣጥኑ የእንጨት ነው፤ ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተለጥፎበታል። ጨርቁን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሣጥኑ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት ቢሆንም እየጎተተ ያስለመደው ባሌ ነበር። ልጆች ወደ መጽሐፍ ካልመጡ መጽሐፍ ወደ ልጆች ይሂድ ብሎ አለቆቹን አሳምኖ፣ በየትምህርት ቤቱ ክፍል እየገባ በነፃ የማንበቡን ሥራ የጀመረው እሱ ነው። ሲያርፍ ሣጥኑ ለረዳቱ ተሰጠ። ረዳቱ ይህቺ አሁን ሣጥኑን የምትጎትተው ልጅ ናት፤ ልጅ ስላት እንጂ ሃያዎቹን አጋምሳለች።

በለቅሶው ቀን ከእኔ ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም፤ አስተዳደጌም ነው፣ ጠባዬም ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ለእንግዶች ወንበር ሳቀርብ እሷ ጥግ ይዛ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለች ትንሰቀሰቃለች። አንዲት የማላውቃቸው ሴትዮ ጠጋ ብለው «እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ፣ ልጁ ነሽ?» ሲሏት ሰማሁ። እሷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ወንበሩን ይዤ አለፍኩ። እኛ ልጅ አልነበረንም።

ስታነብ መጽሐፉን ወደ ልጆቹ አዙራ ጆሮዋ ሥር ትይዘዋለች። ሥዕሉን እነሱ ያዩታል፤ እሷ ጽሑፉን አታየውም፣ በቃሏ ነው የምትለው። ይህም የእሱ ነው። ማታ ማታ ወጥ ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ እሱ መጽሐፉን ጆሮው ሥር ይዞ ለእኔና ለማንቆርቆሪያው ይለማመድ ነበር። የቁራው ድምፅ ደግሞ የእኔ ነው። ጉንፋን ይዞኝ በአፍንጫዬ ስናገር ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ በየመጽሐፉ ያለ ቁራ ሁሉ በእኔ ጉንፋን መናገር ጀመረ። አሁን ልጅቷ በዚያው ድምፅ ስትናገር የእኔ ተማሪዎች ዴስክ እየደበደቡ ይስቃሉ። በሌላው ቀን ማባዛት ሳስተምራቸው «ቲቸር፣ ሐሙስ መቼ ነው?» ይሉኛል።

በመምህራን ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠውን ባልደረባዬን ሬዲዮ እንላታለን፤ አንዴ ከተከፈተች የምትዘጋው ደወል ሲደወል ነው።

«አንቺ፣ የቤተ መጻሕፍቷን ልጅ አየሻት?» አለችኝ አንድ ቀን። «መሐል ላይ ቀጥ ትልና ልጆቹን "ለምን ይመስላችኋል?" ትላቸዋለች። ዘዴ ነው እኮ። ልጆች ራሳቸው እንዲያስቡ ብሎ ባልሽ ነው አሉ የፈጠረው።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። «እንዲያ አሉ?» አልኳት።

«እሷው ናት የነገረችኝ። ስለ እሱ የማታውቀው የለም። ሻይ ላይ የሚጨምረውን ስኳር ሳይቀር።»

«ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» አልኳት።

ሬዲዮ ከት ብላ ሳቀች። ቀልድ መሰላት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያ ስኳር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ዋለ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞሩ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት አብረው ተቀምጠዋል? ምን ምን አጫውቷታል? እኔ የማላውቀው፣ እሷ የያዘችው ምን አለ?

ረቡዕ ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ። «የጎን ክፍል መምህር የንባቡን ሰዓት ለእኛም እያለ ነው» አሉኝ። «ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ያለው አንድ አንባቢ፣ ለእኛ የሰጠው አንድ ሰዓት። ከእርስዎ ክፍል አንሥተን ለእነሱ እንስጥ ወይስ ባለበት ይቀጥል? እንዳሉኝ አደርጋለሁ።»

ይውሰዱት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ነገ ከንባቡ በኋላ እነግርዎታለሁ» አልኩ። በልቤ ግን ጨርሻለሁ። ሒሳብ ወደኋላ ቀርቶብናል እላለሁ፤ ማን ይጠረጥረኛል? ያን ጎማ ከነገ በኋላ በሬን አልፎ ሲሄድ እሰማዋለሁ።

በማግስቱ ልጅቷ ከሣጥኑ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መጽሐፍ ስታወጣ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። መጽሐፉን ከሩቅ አወቅሁት።

ሁለት ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። ሣር ይለቅማሉ፣ ላባ ይለቅማሉ፣ ከልብስ ሰፊው በር ላይ የወደቀ ክር ይጎትታሉ። ቁራው ከጎረቤት ዛፍ ሆኖ በእኔ ጉንፋን «ይህን ያህል ጎጆ ለማን ነው? ንጉሥ ልታስተኙበት ነው?» ይላቸዋል። ልጆቹ ሳቁ። ጎጆው አለቀ። ልጅቷ ገጹን ገለጠች፤ ወፎቹ ወንዙን ተሻግረው ርቀው ሲበሩ ይታያሉ። እዚህ ላይ ቀጥ አለች።

«ያን ያህል ለፍተው የሠሩትን ጎጆ ትተው ለምን ሄዱ? ለምን ይመስላችኋል?»

«ያፈሳል።»

«ቁራው ሰድቧቸው ነው።»

«ኪራይ ጨምረውባቸው ይሆናል» አለ ከኋላ አንዱ፤ ባለፈው ወር ቤት የቀየሩ ቤተሰብ ልጅ ነው።

የፊተኛው ዴስክ ላይ ጓደኞቿ ወይዘሪት ለምን የሚሏት ተማሪዬ ተቀምጣለች። እጇን አላወጣችም። «ዘለልሽ» አለች። «ሁለቱ ወረቀቶች ተያይዘዋል። አግራፏ ትታያለች።»

አግራፏን አውቃታለሁ። መጽሐፉ ቤታችን የመጣው ከሆስፒታል ባዶ እጃችንን በተመለስንበት ሰሞን ነው። እሱ እንደ ልማዱ ሲለማመድ እዚያ ገጽ ላይ ደረሰ፣ እኔ ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። «ይህቺን ዝለላት» አልኩት። ምንም ሳይል ከሸሚዝ ኪሱ አግራፍ አውጥቶ ሁለቱን ወረቀቶች አያያዛቸውና ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አንሥተነው አናውቅም። አግራፏ ለወጥ ቤታችን ብቻ ትመስለኝ ነበር። ክፍል ሲገባ ፈትቶ፣ ለልጆቹ ሙሉውን የሚያነብላቸው ይመስለኝ ነበር።

«ያስተማሩኝ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያነቡት» አለች ልጅቷ።

«ለምን?» አለች ወይዘሪት ለምን።

ልጅቷ ተማሪዋን ተወችና እኔን አየችኝ። ዝም ብል ዝም ትል ነበር።

«አልጠየቅሻቸውም?» አልኳት።

«ጠይቄያቸው ነበር፣ እትዬ። ላወልቃት ስል "ተያት፤ ባለቤቴ ይህን ገጽ አትወደውም" አሉኝ። ሌላ ምንም አልነገሩኝም።» መጽሐፉን ከጆሮዋ አወረደችው። «እኔም ከፍቼው አላውቅም።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ሬዲዮ ያደነቀችው ዘዴ ይህ ነበር። በየክፍሉ፣ በየዓመቱ፣ ታሪኩ ላይ ለእኔ ሲል ክፍተት ትቶ ልጆቹ እንዲሞሉት ለምኗል። ልጅቷም ክፍተቱን ከነአግራፉ ወርሳ፣ ውስጡ ያለውን ሳታውቅ ይዛው ትዞራለች። ስኳሩን ታውቃለች። ይህን አታውቅም።

በዴስኮቹ መሐል ወደ ፊት ሄድኩና እጄን ዘረጋሁ። ሰጠችኝ። አግራፏን ሳወልቃት ወረቀቱ ላይ የዝገት መስመር ትታለች። መጽሐፉን ወደ ልጆቹ አዙሬ ጆሮዬ ሥር ያዝኩት። ማየት አላስፈለገኝም።

«እናትየዋ አንዲት እንቁላል ጣለች። ሌሊት ነፋስ መጣ። ሲነጋ ጎጆው ነበረ፤ እንቁላሏ አልነበረችም። አባትየው ምንም አላለም። እናትየዋም ምንም አላለችም። ቁራው እንኳ ዝም አለ።»



«ለዚህ ነው የሄዱት?» አለች ወይዘሪት ለምን።

«ለዚህ ነው።»

«ግን አብረው ነው የሄዱት።»

«አዎ» አልኩ። «አብረው ነው።»

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞልቶ አየሁት። አሁንም ልትቀድመኝ ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ባለኪራዩ ልጅ ከኋላ ሆኖ ባያድነን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።

«ቲቸር፣ እስኪ ቁራውንም በይልን።»

ገጹን ወደኋላ መለስኩና በአፍንጫዬ «ንጉሥ ልታስተኙበት ነው?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ልክ እንደ እሷ!» አለ ልጁ። «ቲቸር አስመሰለቻት።»

ጥርሴን ነክሼ መጽሐፉን ለልጅቷ መለስኩላት። አግራፏን ግን አልመለስኩም።

ከሰዓት ርእሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። «እንግዲህ ምን ወሰኑ?»

«እኛው ጋ ይቀጥል። የጎን ክፍል ልጆች በንባቡ ሰዓት ወንበራቸውን ይዘው ወደ እኛ ይምጡ።»

«ቅር አይልዎትም?»

«ይለኛል» አልኩ።

ስለ ቦታው ጥበት የተናገርኩ መሰላቸው። «እንግዲህ ተጠጋግቶ መቀመጥ ነው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጎማው በኮሪደሩ ሲንጫጫ የሁለት ክፍል ልጆች ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው ይጠብቁ ነበር። ልጅቷ ስትገባ ለእኔ ያላወጡትን ጩኸት አወጡላት። ቁራው ሲናገር ሳቁ፤ የእኔ መሆኑን ማንም አላወቀም። ከኋላ ተቀምጬ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አግራፏን በጣቴ ስነካካ ቆየሁ። እንደ ወትሮዬ እቀና ነበር።