የብሪንደርዊ አሥር ቁጥር

በብሪንደርዊ ራግቢ ክለብ አሰልጣኝ መሆን የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም። እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ በክለቡ አዳራሽ አባላቱ ፊት ይቆምና ለቅዳሜ የሚያሰልፋቸውን አሥራ አምስት ተጫዋቾች በቃሉ ይጠራል። ልጁ ያልተጠራለት ቤተሰብ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ የመጠየቅ መብት አለው። ከዚያ እጅ ይወጣል፤ አለቀ። አያቶቻችን ያወጡት ሕግ ነው።

ዘንድሮ ሽማግሌው ማይሪግ ጉልበቱ ከዳውና አሰልጣኝነቱን ሊለቅ ሆነ። የቀረን አንድ ጨዋታ ነው፣ ያውም ከሸለቆው ማዶ ካሉት ባላንጣዎቻችን፣ ከማዶዎቹ ጋር። ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ምድብ እንወርዳለን። ስለዚህ ተተኪው ማን ይሁን የሚለው ነገር የብርዱን ወራት ሙሉ ሲያነታርከን ከረመ።

እኔ ኢድዋል ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ስለኖርኩ ሰዉ ሁሉ ኢድዋል አውቶቡስ ይለኛል። ከሜዳው ዳር ካለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆሜ ያልጮኽኩበት ቅዳሜ የለም። አንድ ሐሳብ ከያዝኩ ደግሞ ማርሽ አልቀይርም። የያዝኩት ሐሳብም ኖን ነበረች። ኖን ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ በወጣትነቷ በሴቶቹ ቡድን የፊት መስመር ላይ ስትገፋ ያየኋት ሴት ናት። አሁን የማይሪግ ረዳት ሆና ስምንቱን የፊት መስመር ገፊዎቻችንን ሰው ያደረገቻቸው እሷ ናት። ተፎካካሪዋ ቤርዊን ድሮ በትልቅ ክለብ ተጫውቷል፤ ዛሬ መኪና ይሸጣል። ምላሱ ደግሞ ቅቤ ነው።

«አንተ ኢድዋል አውቶቡስ፣ አበድክ እንዴ?» ይለኛል ሉካንዳ ቤቱን የያዘው ጌቲን ሥጋ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ቢራውን ከፊቱ አድርጎ። «ቤርዊን እኮ ልጅህን አምበል አደርገዋለሁ ብሏል!»

«ልጄ አምበል እንዲሆን ብዬ ክለቡን ገደል ልክተተው?»

«በሴት መሰልጠን አናውቅማ!»

«ማሸነፍም እኮ አናውቅም። ዘንድሮ ሁለቱንም እንልመዳቸው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጌቲንም ሳይወድ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ብዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ ኖን ለፈለፍኩ። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ፤ በነጋታው ተመልሼ አንኳኳሁ።

ልጄ ኦሻን አሥር ቁጥር ነው። በእኛ ሸለቆ የቄሱን ስም የማያውቅ ይኖራል፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነውን የአሥር ቁጥሩን ስም የማያውቅ ግን የለም። ዘንድሮ ኦሻን አዲስ ዘዴ አምጥቷል። ኳስ ይዞ ሲሮጥ ግዙፍ ሰው ከመጣበት ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ። ሰውየው አየር አቅፎ ይቀራል። እኛም ከዳሱ ሥር «አያችሁት! አያችሁት!» እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ።

እሁዱ ደረሰ። መጀመሪያ ቤርዊን ቆመና ቡድኑን ጠራ። «አሥር ቁጥርና አምበል፣ ኦሻን!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ አላጨበጨብኩም። ልቤን ግን ሞቅ አለው፤ ምን ልዋሽ።

ቀጥላ ኖን ተነሣች። ከአንድ ቁጥር ጀምራ ሳትጣደፍ ጠራች። ዘጠኝ ላይ ደረሰች። «አሥር ቁጥር፣ ማዶግ።»

ማዶግ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ያረጀ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ራሱ ማዶግ እንኳ ዞር ብሎ ሌላ ማዶግ ፈለገ። ጌቲን በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ «በል እንግዲህ፣ የለፋህላትን ቅመሳት!»

ደሜ ፈላ። ከጎኔ የተቀመጠውን ኦሻንን አየሁት። አልተቆጣም፤ ወለሉን ያያል። ተነሣሁ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄን ለምን?»

«ኢድዋል፣ ይህን እዚህ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር» አለች ኖን፣ ወደ ልጄ እየዞረች። «ለአባትህ ንገረው ብዬህ ነበር። እኔ ልመልስ ወይስ አንተ?»

ኦሻን ተነሣ። «አባዬ፣ ግራ ትከሻዬ ከመስከረም ጀምሮ ታሟል። ሰው ይዤ መጣል አልችልም። ወደ ግራ የምታጠፈውም ለዚያ ነው። በቀኝ በኩል እንዲመቱኝ።»

ዘዴ ነው ብለን ያበድንለት ነገር ሕመም ነበር። ከዳሱ ሥር ከቆምነው ራግቢ አዋቂዎች ሁሉ አንዳችንም አላየነውም።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጥያቄህን ጨርሰሃል፣ ኢድዋል» አለች ሊቀመንበሯ ኤሊነድ፣ ቀስ ብላ።

ኦሻን ግን መለሰልኝ። «በጣም ደስ ብሎህ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

ቤርዊን ዘሎ ተነሣ። «አንድ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋና ይጫወታል! አንድ ጨዋታ ነው! እሱ ከሌለ ወረድን በሉ!»

«እኔ አሰልጣኝ ከሆንኩ አይጫወትም» አለች ኖን። «ብንወርድም አይጫወትም። ሐኪሙ ትከሻው ለዘለቄታው እንዲበላሽ ከዚህ በኋላ አንድ ምት ብቻ ይበቃዋል ብሏል። የምወርድ ከሆነ አካላቸው ሙሉ ከሆነ ልጆች ጋር ልውረድ። ይህን ካልወደዳችሁት ቤርዊን እዚያ ተቀምጧል።»

ሌላ ልመና አልጨመረችም፤ ቁጭ አለች።

እጅ ወጣ። ኤሊነድ መጀመሪያ ለቤርዊን ቆጠረች፣ ቀጥላ ለኖን። እንደገና ቆጠረች። «እኩል ነው» አለች። «ኢድዋል፣ አንተ ለማንም አላነሣህም።»

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ደጅ የጠናሁላት እኔ እጄ ጭኔ ላይ ከብዶ ቀረ። ልጄ ማዶዎቹ ፊት አምበል ሆኖ ሲገባ፣ ሕዝቡ ስሙን ሲጠራ ታየኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ መርፌውን ወደድኩት።

«ቅዳሜን ብቻ እኮ ነው» ሲል ሹክ አለኝ ጌቲን።

«ቅዳሜ ያልፋል። ትከሻው የት ይሄዳል?» አልኩና እጄን ወደ ላይ ወረወርኩት። «ለኖን! ኤሊነድ፣ በደንብ ጻፊው፣ ለኖን!» ከዳሱ ሥር እንኳ እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ ግማሹ ኮቱን አንሥቶ አጉረመረመ። ኖን ማዶግን ጠርታ ነገ ማለዳ ሜዳ ላይ እንዲገኝ አዘዘችው። ኦሻን መጥቶ አቀፈኝ። ጀርባዬ ላይ የደረሰው ቀኝ እጁ ብቻ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ፣ በየቅዳሜው ከጨዋታ በኋላ፣ ሲያቅፈኝ የኖረው በዚያ በአንድ እጁ ነበር።