ቦዩ ውስጥ የደፋሁት አቼቶ

ክረምቱ ሲጠና ልብስ አልደርቅ አለን። ሰባተኛ ሰፈር፣ ሦስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በምንጋራበት ግቢ፣ ፎጣውም አንሶላውም ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ጀመር። በየሐሙሱ የሚያጥቡልን እትዬ ምስራ ነበሩ፤ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ዝምተኛ ሴት። "አታስቢ ልጄ፣ መላ አለው" ብለውኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሱቄ ቀደም ብዬ ስመለስ፣ ከሳፋው አጠገብ በግማሽ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ አየሁ። ጠጋ ስል ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የከረመ ጠጅ መሰለኝ። እኛ ቤት ደግሞ መጠጥ ደጃፍ አያልፍም። ጎረቤቶቼ መቅደላዊትና ሶፊ በራፋቸው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ።

"በእኔ ቤት ትጠጫለሽ?" አልኳቸው። እስከዚያች ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም።

እጃቸውን ከአረፋው አወጡ። "ኧረ ልጄ፣ ይሄ እኮ..."

አላስጨረስኳቸውም። ጠርሙሱን ከፍቼ ቦዩ ውስጥ ገለበጥኩት። ሲፈስ ሽታው ጎልቶ ወጣ፤ ያኔ ነው ያወቅኩት። አቼቶ ነበር፤ በየቀኑ ሰላጣዬ ላይ የማደርገው አቼቶ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ሁለቱ ሴቶች ቢላቸውን እንደያዙ ያዩኛል። ተሳሳትኩ ማለት አቃተኝ።

"በቃ፣ ሂጂ" አልኩ።

እትዬ ምስራ የጀመሩትን አንሶላ አለቅልቀው፣ ጨምቀው አሰጡት። እጃቸውን በቀሚሳቸው አድርቀው ወጡ።

በማግስቱ ባለቤቴ አንሶላውን አሸተተና "ሽታው ጠፋ እኮ፣ ምን አድርገሽበት ነው?" አለኝ። አንሶላውን ተቀብዬው ጓዳ ገባሁ።

በአራተኛው ቀን ቤታቸውን አጠያይቄ ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ ምስራ። አቼቶ ነበር።"

"አቼቶ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ" አሉ ረጋ ብለው። "አንቺ መቼ አወቅሽ?"

መዋሸት እችል ነበር። "ስደፋው" አልኩ።

"እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን ሰካራም ያልሽኝ እዚህ አይደለም፣ ቧንቧው ጋ ነው። ወሬው ከዞረ ማን ልብሱን ይሰጠኛል?"

ስመለስ መቅደላዊትና ሶፊ ባልዲ ይሞሉ ነበር። ነገርኳቸው፤ አቼቶ እንደነበር፣ እያወቅኩ እትዬ ምስራን እንዳባረርኳቸው።

ሶፊ ቧንቧውን ዘጋች። መቅደላዊት ወደ መሬት እያየች፣ "ሽታው እኛም ጋ ደርሶ ነበር፤ አውቀነዋል" አለች። "አንቺ ትናገሪ ይሆናል ብለን ዝም አልን።"

አሁን እትዬ ምስራ ሐሙስ ሐሙስ የመቅደላዊትን ልብስ ያጥባሉ። ሳልፍ ቀድመው ሰላም ይሉኛል። እኔም እመልሳለሁ፤ ዓይናቸውን ማየት ግን እስካሁን አልቻልኩም።