ከምሰሶው የምትናገረው ሴት

የከተማችን ምክር ቤት በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ምክር ቤት ይባል እንጂ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ዘጠኙም ወይ ይዛመዳሉ፣ ወይ ተኳርፈዋል፣ አንዳንዶቹ ሁለቱም ናቸው። በዚያ ሐሙስ የመጀመሪያው አጀንዳ የመቃብር ቦታው የሣር ማጨጃ ነበር። ማን አበላሸው በሚለው ብቻ ብዙ ተባባሉ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለው አሮጌ ዛፍ ይቆረጥ አይቆረጥ የሚለው ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ፤ ዛፉ ለሚቀጥለው ወር ሲተላለፍ ዓመታት አልፈውታል። ውሻ ፈትተው የሚለቁ ሰዎችም ተወቀሱ። ከሚለቁት ሁለቱ እዚያው ተቀምጠው አብረው ይወቅሱ ነበር።

ቦዠና ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ሆና ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ናት። ተመራጭ ስላልሆነች ሌላው ሲናገር ትጽፋለች እንጂ እሷ አትናገርም። ሥራዋን ትወደዋለች። ሰው ሲነታረክበት የዋለውን ነገር በአንድ መስመር ማስቀመጥ ደስ ይላታል።

«ስድስተኛ» አለ ከንቲባው ኮርኔል፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «የድምፅ ማጉያዎቹ።»

የቦዠና እጅ ቆመ። ነገሩ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ አጀንዳውን የተየበችው ራሷ ናት።

በከተማችን በየመብራት ምሰሶው ላይ ጡሩንባ የመሰለ ድምፅ ማጉያ አለ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማርሽ ሙዚቃ ይለቀቅና ቀጥሎ የቦዠና ድምፅ ይመጣል፦ ዛሬ ውሃ ይጠፋል፤ እንቁላል ጣይ ዶሮ የጫነ መኪና አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ ነገ ነው። የመጀመሪያውን ነፋስ ቢወስደው ሁለተኛው እንዲደርስ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ይነበባል። ቦዠና ይህን የጀመረችው ገና ሳታገባ ነው። ሰዉ «ቦዠና ካልተናገረችው አልሞተም» እያለ ይቀልድባታል፤ ግን እውነትም እሷ ካልተናገረች ለቀብር የሚወጣ የለም።

«የመብራት ድርጅቱ ሽቦውን መሬት ውስጥ ሊቀብረው ነው» አለ ኮርኔል። «ምሰሶዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይነቀላሉ። ማስታወቂያ ከእንግዲህ በስልክ መልእክት ይሆናል። ሌላ ቦታ እንዳንሰቅለው ደግሞ መሣሪያው አርጅቷል። ቲቦርን ጠይቁት።»

ቲቦር ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ሲሆን ኤሌክትሪሺያንም ነው። «በጸሎት ነው የሚሠራው» አለ።

«ኢምሪህስ?» አለች አሎይዚያ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ የምክር ቤቱን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረች ስለሆነች ማንም አያቋርጣትም። «ለእሱም መልእክት ልትልኩለት ነው?»

ቦዠናን ላለማየት ሁሉም የሚያየው ሌላ ነገር ፈለገ።

ኢምሪህ የቦዠና ባል ነው። ዕድሜውን የፈጀው ባቡር ጣቢያ ነው፤ ለባቡር ሰው ደግሞ ከድምፅ ማጉያ የወጣ ቃል ሕግ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አእምሮው እየከዳው መጣ። በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት በነጠላ ጫማ ወጥቶ ወደ ጣቢያው ሲሄድ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አይታው ማዘጋጃ ቤት ደወለች። ቦዠና ሮጣ አትደርስበትም። የምታደርገው ሲጠፋት ማይክሮፎኑን ከፈተችና «ኢምሪህ፣ ወደ ቤት ተመለስ። በሩንም ዝጋ» አለች። መንገዱ መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ አሉ። ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ፣ ቆቡን ነካ አደረገ፣ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ለእሱ የሚሆን ትጨምራለች። ኢምሪህ፣ ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ብላ። ኢምሪህ፣ ብርድ ነው፣ አትውጣ። ከንቲባው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ከተማውም ለመደው። አሎይዚያ መንገድ ላይ ባገኘቻት ቁጥር «የእኔም ባል አንቺ ብላ ስትይው ነው የሚበላው። በደመወዝሽ ላይ ይጨመርልሽ» ትላታለች።

«አንዱ ምሰሶ እንኳን ይቅር» አለች አሎይዚያ አሁን። «የእነሱ በር ላይ ያለው።»

«ያለ ሽቦ ምን ያደርጋል?» አለ ቲቦር። «ልብስ ሊያሰጡበት ነው?» ቀልዱ ከአፉ ሳይወጣ ቆጨው፤ አንገቱን ደፋ።

ኮርኔል ወደ ጥጓ ዞረ። «አክስቴ ቦዠና፣ የሚሉት ካለ ይበሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ አይሰፍርም።»

ብዙ የምትለው ነበራት። ግን ምን ብላ ትጀምረዋለች። «ድምፅ ስጡና ልጻፍ» አለች።

እጆች ቀስ እያሉ ወጡ። ማንም ቀድሞ ማውጣት አልፈለገም። የአሎይዚያ እጅ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ወጥቷል ልበል ወይስ አልወጣም?» አለቻት ቦዠና።

«ወጥቷል በይ» አለች አሎይዚያ። «ምን ምርጫ አለ?»

ቦዠና «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብላ ጻፈች። ወደ ሰባተኛው አለፉ፤ ሰባተኛው የአውቶቡስ ማቆሚያው የተሰበረ ወንበር ነበር።

የምክር ቤቱን ሰዎች ያሳዘናቸው ኢምሪህ የሚስቱን ድምፅ ሊያጣ መሆኑ ነው። ያላወቁት ነገር ግን ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ያን ቀን ቤቷ ስትደርስ ኢምሪህ መስኮቱ ሥር፣ ምሰሶው ከሚታይበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሩን በቁልፏ ከፍታ ስትገባ እንደ ጨዋ ሰው ብድግ አለ።

«ማን ልበል?» አላት።

«ቦዠና ነኝ።»

«ቦዠና ሥራ ላይ ናት» አለ በትሕትና። «ጠዋት ስትናገር ሰምቻታለሁ። ጉዳይ ካለዎት ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይጠይቁ።»

እንዲህ ከሆነ ሰነባብቷል። በመጀመሪያ አንዳንድ ቀን ነበር፣ አሁን ሁልጊዜ ሆኗል። ከምሰሶው የምትናገረው ሚስቱ ናት፤ ማታ ማታ የምትመጣዋ ሽበታም ሴትዮ ማን እንደሆነች አያውቅም። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ትታለት የሄደችውን ሾርባ ድምፁ ብላ ሲለው ጥርግ አድርጎ ይበላል። ማታ ያንኑ ሾርባ በእጇ ስታቀርብለት ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ ያደርገዋል። ከማያውቀው ሰው እጅ አይበላም። የመኝታ ቤቱን በርም ከውስጥ ይቆልፋል። አንድ ቀን ስታንኳኳ «ይቅርታ እመቤት፣ ባለትዳር ነኝ» አላት። ቦዠና ወጥ ቤት አግዳሚ ላይ ትተኛለች። ሳቋ ይመጣባታል፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ይበላሻል። በገዛ ድምፅዋ ትቀናለች፤ ይህን ለራሷ እንኳ ለማመን ታፍራለች።

ሐኪሙ እቅጩን ነግሯታል። ከሰው እጅ የሚበላ ከሆነ ቤቱ ይቆይ፤ የማይበላ ከሆነ በአውራጃው ከተማ የአረጋውያን ቤት አልጋ ተገኝቷል፣ እዚያ ይግባ። እዚያ የገቡትን ሁለት ጎረቤቶቿን ጠይቃ ታውቃለች። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው ያገኘቻቸው። ኢምሪህን እንዲያ ልታየው አትችልም። ምሰሶው ከተነቀለ ደግሞ ብላ የሚለው የለም።

ቅዳሜ ቲቦር ምንም ሳይባል መጣ። ከጠዋቱ ማስታወቂያ የተቀዳውን የቦዠና ድምፅ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ይዟል። በቀልዱ አፍሮ ሌሊቱን ሲሠራት እንዳደረ ከዓይኑ ያስታውቃል። መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ነካት። «ኢምሪህ፣ ሾርባውን ብላ» አለች መሣሪያዋ።

ኢምሪህ ተነስቶ መሣሪያዋን በየጎኗ አያት። ከዚያ በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ውጭ ወጣና አጥሩ ላይ አስቀመጣት።

«ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ ነው» አለ ሲመለስ። «ባለቤቱ ይፈልገዋል።»

ቲቦር ዕቃውን ከአጥሩ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። «አክስቴ፣ ምን ላድርግልዎት?» አላት በሩ ላይ።

«ሞክረሃል ልጄ» አለችው። «ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

ምሰሶ ነቃዮቹ ማክሰኞ መጡ። መኪናቸውን አደባባዩ ላይ አቁመው ማስታወቂያው እስኪያበቃ ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ኮርኔል ሄዶ ለምኗቸው ነው። ቦዠና ከማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። ማርሹ ሲያልቅ እንደ ሁልጊዜው ጀመረች። በታችኛው ሰፈር ውሃ ይጠፋል። ድንች የጫነ መኪና ይመጣል። የውሻ ክትባት ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠችው። ከዚህ በኋላ ያለውን አልጻፈችውም፤ ሰኞ ሙሉ ቀን በልቧ ስታመላልሰው ውላለች። ከተማው ሁሉ እንደሚሰማት ታውቃለች። ይስማ።

«ኢምሪህ» አለች። «እኔ ነኝ። ከዛሬ በኋላ በዚህ አልናገርም። ሥራዬ ሌላ ቦታ ሆኗል። አትጨነቅ፣ ደህና ነኝ።»

በመስኮቱ ስታይ አደባባዩ ላይ የሚራመድ ሰው አልነበረም።

«አንዲት ሴትዮ ወደ አንተ ትመጣለች። ሽበታም ናት፣ ሰማያዊ ካፖርት ለብሳለች። በሩን ክፈትላት። የምትሰጥህን ብላ። ሲመሽ አታስወጣት፣ ቤት ትደር። ደግ ሴት ናት ኢምሪህ። እኔ ነኝ የላክኋት።»

ማይክሮፎኑን ዘጋችው። ኮርኔል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሰማው ነገር ገና እየገባው እንደሆነ ከፊቱ አየች። ካፖርቷን ከመስቀያው አውርዶ አለበሳት።

መንገዱን ሙሉ ሰዎች በየበራቸው ቆመዋል። አሎይዚያ የዳቦ ዘንቢሏን እንደያዘች መጥታ ክንዷን ጨበጠቻት። ቦዠና ቁልፏን ከኪሷ አላወጣችም። የገዛ በሯን አንኳኳች።

ኢምሪህ ከፈተ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩንም አበጥሯል። ሽበቷን አየ፣ ካፖርቷን አየ።

«እርስዎ ነዎት የተላኩት?»

«እኔ ነኝ።»

«ይግቡ። ጫማዎን ግን ይጥረጉ፤ ሚስቴ ለወለሉ ትሳሳለች።»

ጫማዋን ጠረገች። ወንበር ሳበላትና አስቀመጣት፤ የት እንደምታገኝ እንዳይጠፋትም የሳህኑንና የማንኪያውን ቦታ አሳያት። ሾርባውን አሙቃ በእጇ አቀረበችለት። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ ምሰሶውን አየና መብላት ጀመረ። ቦዠና ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ አየችው። የአረጋውያኑ ቤት አልጋ ለሌላ ሰው ሊሆን ነው፤ ኢምሪህ ከእሷ አይለይም። ደስ አላት። ደግሞም በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ከፍቷት አያውቅም፤ ሚስቱን ከቤት ያስወጣችበት እሷው ራሷ መሰላት።

ሾርባውን ጨርሶ አፉን ጠረገ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «ሙያ አለዎት። ሚስቴ ስትመጣ እነግርልዎታለሁ። ደግ ሴት ነው የላክሽልኝ እላታለሁ።»

ቦዠና ሳህኑን አነሳች።

«ይንገሩልኝ» አለችው፣ ከተጋቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብላ።