ፊቱ ቀበሮ፣ ኋላው ዳክዬ

የአባቴ የላምቼክ ዓይን እንደደከመ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያምነው እሱ ብቻ ነው። የበዓሉ ጠላ የሚቀዳበትን፣ በእንስሳ አምሳል የሚሠራ የሚያፏጭ ገንቦ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እሱ ነው። ዘንድሮ ካበላሸ ግን ሥራው ለጎረቤታችን ለኮቹፌ ይሰጣል ተብሏል። አባቴን ጭቃ ከነጠቁትማ አለቀለት።

እኛ እንስሳውን በሁለት የቅርጽ ማውጫ፣ ፊቱን ለብቻ ኋላውን ለብቻ አትመን ነው የምናጣብቀው። ማፏጫውን ሆዱ ውስጥ የሚያስገባው አባዬ ነው፤ ማውጫውን አላቅቄ በእሳት የምተኩሰው እኔ። ከዚያ በኋላ ጠላ እስኪቀዳበት ድረስ የሠራው ሰው አይነካውም፤ ደንብ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ማውጫውን አላቅቄ ሳየው ጉድ ፈላ! አባዬ ለፊቱ የቀበሮውን፣ ለኋላው የዳክዬዋን ማውጫ አንስቶ ኖሯል። ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም።

"ዳክዬዬ አማረች?" አለኝ።

ልንገረው ብል አፌ እሺ አላለኝም። "አምራለች አባዬ" አልኩና ተኮስኩት።

በማግስቱ መቅደሱ ደጅ ሕዝቡ ጢም ብሏል። በዓሉን የሚመሩት የመቅደሱ እመቤት ገንቦውን አገላብጠው አዩት።

"ላምቼክ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳክዬ ነዋ፣ እመቤቴ!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

ደጁ በሳቅ ተናጋ። ኮቹፌማ፣ "ጆሮዋ የቆመ ዳክዬ! አባባ፣ ቤትዎ ሄደው ፀሐይ ይሙቁ!" አለ። የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ነደድኩ።

"አንተ አፍህን ዝጋ!" አልኩት። "እመቤቴ፣ እስኪ ይቅዱበት! ዳክዬዋ የት እንዳለች ራሷ ትናገራለች።"

ገንቦውን ዘንበል አደረጉት። ጠላው ሲወርድ ከቀበሮው ሆድ ቀጭን፣ የተቆጣ ፉጨት ወጣ።

"ሰማችሁ? ይሄ ሌባ ውጧታል! ከመቸኮሉ የተነሳ ጭራዋ በኋላው ወጣ!"

እመቤቲቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ለከርሞም እናንተው ናችሁ" አሉ። "ቀበሮው ደግሞ ምን እንደሚሰርቅ እናያለን።" ሕዝቡ ቅሉን ይዞ ተጋፋ፤ ኮቹፌ እንኳ "እስኪ ለኔም አስጩኋት" እያለ ሁለቴ አስቀዳ።

ገንቦው ሲመለስልን አባዬ በጣቶቹ ዳበሰው። ጆሮዎቹ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

"አንቺ! አምራለች አላልሽኝም?"

"ታዲያ አላማረችም?"

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ከዚያ ገንቦውን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠው።

"በይ፣ ከእንግዲህ ማውጫውን አንቺ አንሺ" አለኝ። "ጭቃው ግን የኔ ነው።"